ይጥራ

ሠላሳ አንድ ዓመት ጡሩምባ ነፍቻለሁ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ሞትን ለፍፌአለሁ።
ስነፋ ያገሬ ሰው «ምነው?» ብሎ አያውቅም፤
«ማን ነው?» ብሎ ይወጣል፣ ዶማውን አይረሳም።

ኅዳር ነበር። ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል።
ከአሊጋዝ ቤት እልልታ፤ ቆጠርኩ፤ ሦስት ብሏል።
«ሴት ናት» አልኩ፤ ጋቢዬን ተከናንቤ ተኛሁ፣
ከሦስቱ በኋላ ግን አንድ ዝምታ ሰማሁ።
ዝምታውን አውቀዋለሁ።
እኔም ቤት አድሮ ያውቃል።

በራፉ ላይ አሊጋዝ ባትሪ ይዞ ቆሟል፣
«አብሽር» ይለኛል እኔን፤ የሱ ከንፈር ደርቋል።
ከውስጥ አንዷ ማርያምን፣ አንዷ ፋጡማን ትጠራለች፣
ዙበይዳ ቁርበቱ ላይ የተፈለቀቀ ጥጥ መስላለች።
የእንግዴ ልጁ ወርዷል፤ ደሙ ግን አልተገታም፣
ከቁርበቱ ወደ መደቡ፣ ከመደቡ ወደ አፈሩ፣
አይቸኩልም፣ አይቆምም።
እትዬ ዘምዘም እጇን በነጠላዋ ጫፍ አደራርቃ
«ይውጣ» አለች፣ «የዘጠኝ ወር እድፍ ነው፤ ይጥራ።»

ይጥራ።

እንዲህ ብለውኝ ነበር የጀማነሽ ለታ።
እኔም ደጅ ቆሜ «አሜን፣ ይጥራ» አልኩ፣ ያን ማታ።
ደሙም ጠራ። ሌሊቱን ሙሉ ጠራ።
ማንን እንደሚጠራ የጠየቀ አልነበረም፤
ሲነጋ ገባኝ፤ እኔን ነበር፣
ጡሩምባዬን ይዤ እንድወጣ፣
ለገዛ ቤቴ ቅሬ እንድጠራ።

«የወላድ መቃብሯ አርባ ቀን አይዘጋም» ይላሉ።
ጉድጓድ እኔ አውቃለሁ፤
ስንቱን ቆፍሬአለሁ፣ ስንቱን ደፍኛለሁ፤
ራሱ የተከፈተ ግን እስከዛሬ አላየሁ።

ጡሩምባዬን አነሳሁ። ዘምዘም ደረቷን መታች፣
«አንተ ሟርተኛ! ሳትሞት?» ብላ ክንዴን ያዘች።
«ሳትሞት ነው እንጂ!» አልኳት። ነፋሁ።
«የሰማህ ላልሰማህ አሰማ! ቅሬ! ቅሬ!»
ሸለቆው መለሰው። ውሾቹ ተቀበሉ።
ወጡ፤ ዶማ፣ አካፋ፣ ገመድ ተሸክመው።
«ማን ነው?»
«ዙበይዳ።»
«ኢና ሊላሂ…»
«አልሞተችም!» አልኩ።
ቆሙ። አርባ ወንድ፣ ዶማው ትከሻው ላይ እንዳለ፣
የሚቀብረው አጥቶ፣ ሥራው የጠፋበት።
«ጣሉት!» አልኩ። «ቃሬዛውን አምጡ!»

ያ ቃሬዛ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ ሄዶ አያውቅም፣
የተኛበት ሰው ሁሉ ተመልሶ አልመጣም።
ትርንጎ፣ የጤና ኬላዋ ልጅ፣ ጫማዋን ሳታስር ደርሳ፣
ኪኒን አዋጠቻት፤ ከእምብርቷ ሥር በመዳፏ
«ድንጋይ እስኪሆን ነው» እያለች ታሻለች፣ ትጫናለች፣
ሕፃኗንም ከጡቷ አጣብቃ በመቀነት አሰረች፤
«ትጥባ፤ ስትጠባ እናቷን ትይዝልናለች።»

ስድስት ስድስት ሆነን፣ «ተረኛ!» እየተባባልን
ገደሉን ወጣን።
ትርንጎ ጎን ጎኑን ትሮጣለች፣ እጇን ሳታነሳ።
አሊጋዝ «ዙቤ» ይላል። ዝም።
«ዙቤ» ይላል። ዝም።
ከመኪናው መንገድ አፋፍ ስንደርስ
«ጠማኝ» አለች።
እንደዚያ የሚያምር ቃል ሰምቼ አላውቅም።

የአቀስታ ሆስፒታልን ነገር አልነግራችሁም፤
ደጅ ነበርኩ። ክንዱን የሰጠ አለ፣ መርፌ ፈርቶ የሸሸ አለ።
በአሥራ ሁለተኛው ቀን መጣች፤
ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ፣ በገዛ እግሯ።

የቅሬው ዳኛ መዝገቡን ገለጠ፤
«የሟች ስም» ከሚለው ፊት ብዕሩን ይዞ ቆየ፣ ቆየ፣
ሰረዝ አደረገ።
ያልወጡትን ሁለት ሰዎች ግን አሥር አሥር ብር ቀጣ።

ዛሬ ስነፋ፣ «ማን ነው?» ካሉ በኋላ
«አለች?» ይሉኛል።
እሱ ደግ ነው።
እኔ ግን ሲመሽ ምሰሶውን አያለሁ፤
ጡሩምባው ያኔም እዚሁ ነበር የተሰቀለው፣
ከጀማነሽ ራስጌ፣
እጄን ብዘረጋ የሚደርስበት።